ስለ ሳም ኧርቪን የጻፋችሁት ግማሹን ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ስላወረደው የዋተርጌት ቅሌት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሁልጊዜ የሚወራው ነገሩን ስለተከታተሉት ሁለት ጋዜጠኞች ነውና የምርመራውን ሰብሳቢ ሴናተር ሳም ኧርቪንን ማንሳታችሁ ደስ ይላል። ግን ሰውየውን ያን ያህል ስታሞግሱ፣ ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያን የተናገረውን እንዴት ዘለላችሁት?

ነገሩ የሆነው በ1965 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አሜሪካ እስከዚያ ድረስ ስደተኛ የምትቀበለው በአገር ኮታ ነበር። ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት እንግሊዝና ጀርመንን የመሳሰሉ አገሮች ነበሩ። ኮታውን የሚያስቀር ረቂቅ ሴኔት ሲቀርብ ኧርቪን ተነስቶ፣ በዚህ ሕግ ኢትዮጵያዊው ከእንግሊዛዊው፣ ከፈረንሳዊው፣ ከጀርመናዊው እኩል የመምጣት መብት ሊያገኝ ነው ብሎ ተከራከረ። ለኢትዮጵያ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ለአሜሪካ መገንባት ያበረከተችውን ነገር አላውቅም አለ። አገራችንን በስሟ ጠርቶ ነው ይህን ያለው።

የኮሪያ ጦርነት ከቆመ ገና 12 ዓመቱ ነበር እኮ! ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑትም እዚያው ወድቀዋል። እሱ ያን ሲናገር አስመራ ላይ የአሜሪካ ጦር ትልቅ የመገናኛ ጣቢያ ነበረው፣ ስሙም ቃኘው። ኧርቪን ራሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ተዋግቶ የቆሰለና የተሸለመ ሰው ነው። ይህን ማወቅ ነበረበት።

ሥራውን ማጣጣል አልፈልግም። የሰሜን ካሮላይናዋ ሞርጋንተን ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ተወልዶ፣ እዚያው ከአባቱ ጋር በጥብቅና ሠርቶ፣ ዳኛ ሆኖ፣ በ1954 ሴኔት ገባ። ከሃርቫርድ ተመርቆም እስከ መጨረሻው ራሱን ተራ የገጠር ጠበቃ ነኝ ይል ነበር። የ1966ቱን የዋስትና ማሻሻያ ሕግ የገፋው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፌዴራል ፍርድ ቤት የተከሰሰ ድሃ ለዋስ የሚያሲዘው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ እስር ቤት እንዳይከርም ዳኛው ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ተደረገ። በ1971 ደግሞ የጦር ሠራዊቱ ሰላማዊ ዜጎችን እየሰለለ ፋይል መክፈቱን በሴኔት በይፋ መረመረ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ፋይል የተከፈተበት ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አይጠፋውም።

በ1973ቱ የዋተርጌት ምርመራ ሰብሳቢው እሱ ነበር። የፕሬዚዳንት ኒክሰን ረዳት የነበረው ኤርሊክማን፣ የሐኪም ቢሮ ሰብሮ መግባትን ጭምር ፕሬዚዳንቱ የመፍቀድ ሥልጣን አለው እያለ ይሟገታል። ኧርቪን ሕጉ እንደዚያ አይልም አለ። የኤርሊክማን ጠበቃ ጣልቃ ገብቶ፣ እንዴት ያውቃሉ ክቡር ሰብሳቢ ቢለው፣ እንግሊዝኛ ስለምረዳ ነው፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ብሎ መለሰለት። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት የሕግ ሰዎች ሁሉ ያን ቀን የሱን ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ ያለ አይመስለኝም።

ያው ሰው ግን በ1956 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየትን የሚደግፈውን የደቡብ ፖለቲከኞች መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ነው። የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱን የምርጫ መብት ሕግም ተቃውሟል። ምክንያቱ ሁሌም ሕገ መንግሥቱ ነበር። ዋይት ሀውስ ዜጋን ሲጫን ወዲያው ይታየዋል፤ በገዛ ክልሉ ጥቁሩ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የመራጮች መዝጋቢ ግን ያን ያህል አላስቆጣውም። እኔ የምቀየመው በዚህ ነው። ሕጉን ስለማያውቅ ነው እንዳንል፣ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን የስደተኞቹን ሕግ ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ፈረሙበት። ጋዜጣችሁን ዛሬ አሜሪካ ሆነን የምናነብ ብዙዎቻችን፣ እኔን ጨምሮ፣ የመጣነው በዚያ በተከፈተው በር ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ቀጣይ ክፍል ሲወጣ የ1965ቱ ንግግር ይግባበት፤ ከጎኑም የኮሪያ ዘማቾቻችን ፎቶ ይውጣ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ