ከደብረ ብርሃን ዝቅ ብሎ መብረር

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው «አሜሪካ ስንት ቀን ያስኬዳል?» ስትዪኝ ስልኩ ተቋረጠ። እህቴ ታነብልሽ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ከቦሌ እስከዚህ ዋሽንግተን ድረስ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ነው። አውቶቡሱ ሸኖ ቆሞ ሰው ቅቤ ሲከራከር ግማሽ ቀን የሚበላብሽን መንገድ አውሮፕላን በ9 ደቂቃ ይጨርሰዋል። የአንቺ ጉዞ 17 ሰዓት ያህል ይሆናል። መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል፤ ደረስኩ ብለሽ እንዳትወርጂ! ቦሌ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ከዚህ ሲነሳ ግን ቦታው ቆላ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ስትመለሺ በ13 ሰዓት ገደማ፣ ሳታርፊ ቦሌ ነሽ።

ትንፋሽ ያጥረኛል ብለሽ መፍራትሽን ሰምቻለሁ። አውሮፕላኑ 11 ሺህ ሜትር ላይ ይበር እንጂ ውስጡ አየር ይሞላል። የሚሰማሽ ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለሽ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ላይ ናት። ሰማይ ላይ ሆነሽ ከቤትሽ ዝቅ ብለሽ ትቀመጫለሽ ማለት ነው! የአዲስ አበባ እንግዳ ዳገታችንን ሲወጣ እያለከለከ ስንቴ ስቀሽበታል?

ሊያርፍ ሲል ጆሮሽ ይደፈናል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የሚይዝሽ ዓይነት ነው፤ ምራቅሽን ዋጥ፣ ዋጥ አድርጊ። ደግሞ አሥር ጊዜ ተነስተሽ ወዲያ ወዲህ በዪ። ቅዳሴ ሙሉ ቆሞ የማይደክመው እግርሽ ተቀምጦ ሲውል ነው የሚያብጠው።

ሰዓቱን አደራ። ቲኬቱ ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 10:30 ሲል በእኛ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ መጀመሪያ ስመጣ የእኛው 10 ሰዓት ተኩል መስሎኝ በ8 ሰዓት ቦሌ ተገኘሁ። እስከ ማታ ሻንጣዬ ላይ ተጎልቼ ዋልኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። በግንቦት እኛ ከእናንተ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነን። ስለዚህ ማታ ተነስተሽ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ግድም እዚህ ትደርሻለሽ። ሌሊቱ አልነጋ ቢልሽ አትደንግጪ፤ ከፀሐይ እየሸሸሽ ነው የምትመጪው።

ቋንጣውን ተዪው፤ ሥጋ አያስገቡም፣ በር ላይ ይወስዱብሻል። ሽሮና በርበሬው ይበቃናል። የመንዝ ባናሽን ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ በእጅሽ ያዢው። የአውሮፕላኑ ብርድ የሰፈራችንን የኅዳር ሌሊት ያስንቃል። ስትወጪም እሷን አይቼ ከሩቅ እለይሻለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ