የታሪክና የሥነ ጥበብ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ፍሎረንስ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው አንድ ከተማ ብቻ ነው፣ የኢጣሊያዋን ፍሎረንስን። እንደ አምናው በየሳምንቱ ከሀገር ሀገር ከምንዘል አንዷ ላይ ቁጭ ብለን እንያት ተባባልንና ሐሙስ ሐሙስ ከክላስ በኋላ አይሲቲ ክፍል እየገባን በፕሮጀክተር ካርታ፣ ፎቶና ቪዲዮ ስናይ ከረምን፣ እያንዳንዱ ልጅም አንድ ቦታ ተረክቦ የዛ ቦታ አስጎብኚ ሆነ፣ በወላጆች ቀን ኮሪደሩን በሙሉ ከተማ አድርገውት እንግዶቹን ያዞሩት እነሱ ናቸው። (ከታች ያለው ዓመተ ምህረት በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የቆየነው የካቴድራሉ ጉልላት ላይ ነው። ሳንታ ማሪያ ዴል ፊዮሬ ግንባታው የተጀመረው በ1296 ነው፣ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም መሀሉ ገና ክፍት ነበር፣ ምክኒያቱም 45 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉልላት ተሠርቶ እስኪጠነክር ከስር የሚሸከመው የእንጨት ድጋፍ ከየት ይምጣ? ብሩኔሌስኪ፣ በሙያው ወርቅ አንጥረኛ የነበረ ሰው፣ ያለዛ ድጋፍ እሠራዋለሁ ብሎ በ1420 ጀመረ በ1436 ጨረሰ። ጉልላቱ አንድ አይደለም፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ሁለት ነው፣ ዛሬ ጎብኚ 463 ደረጃ ወጥቶ ጫፍ የሚደርሰውም በሁለቱ መሀል እያለፈ ነው። ልጆቹን የያዛቸው ግን የጡቡ አደራደር ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ እያዘነበለ ሲሄድ በጎኑ የተኛ ጡብ ጭቃው ሳይደርቅ መንሸራተቱ አይቀርም፣ ብሩኔሌስኪ በየመሀሉ ጡብ አቁሞ አስገባ፣ የቆሙት ጡቦች የተኙትን በአጭር በአጭሩ እየቆለፉ ይይዟቸዋል። የዘጠነኛ ክፍሎች ይሄን በሸክላ ትንንሽ ጡብ ሠርተው አሳዩን፣ የቆመ ጡብ የሌለው በኩል ሲንሸራተት ያለው ሲይዝ በዓይናችን አየን፣ እኔ በበኩሌ በዓመቱ ከተሠራው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ።

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው የጥምቀት ቤት በር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጊቤርቲ የሚባለው ቀራፂ ከ1425 እስከ 1452፣ ሀያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራው በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፣ አሥር ትልልቅ የብሉይ ኪዳን ሥዕሎች አሉት፣ የገነት በር ይሉታል። ታች በቀኝ በኩል ያለው የመጨረሻው ሥዕል ምን ይመስላችኋል? ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ሲገናኙ! የኛ ማክዳ ማለት ነው፣ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። አሁን በሩ ላይ ያለው ቅጂ ነው፣ ዋናው ከካቴድራሉ ጀርባ ያለው ሙዚየም ውስጥ ገብቷል፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1966 አርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ አምስቱን ሥዕሎች ከበሩ ገንጥሏቸው ነበር። ያኔ ከየሀገሩ የመጡ ወጣቶች ጭቃ ውስጥ ገብተው መጽሐፍና ሥዕል ሲያወጡ የሚያሳዩትን ፎቶዎች ልጆቹ ደጋግመው እንድከፍትላቸው ጠይቀውኛል።

አንድ ነገር ሁላችሁም እንድታውቁልን እፈልጋለሁ። በ1441፣ በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ተነስተው ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ገብተዋል። እስቲ አስቡት፣ ጉልላቱ ካለቀ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጊቤርቲ በሩን ገና አልጨረሰም፣ ዛሬ ዓለም ተሰልፎ የሚያየውን ሲሠራ የደረሱ አባቶች ነበሩን ማለት ነው። እዛው ፍሎረንስ ባለው በኡፊዚ ሙዚየም ደግሞ የአጼ ልብነ ድንግል ምስል አለ፣ የፍሎረንስ ገዢ የነበረው ኮዚሞ ቀዳማዊ ሠዓሊ ወደ ኮሞ ከተማ ልኮ ፓኦሎ ጆቪዮ የሚባል ጸሐፊ ከሰበሰባቸው የታላላቅ ሰዎች ምስሎች ካስገለበጣቸው አንዱ ነው። ልጆቹ በከለር ፕሪንት አድርገው ላይብረሪው በር አጠገብ ለጥፈውታል፣ ያላያችሁ እዩት።

የዳዊት ሐውልት በ5.17 ሜትር ቁመቱ ወላጆችን በጣም ያስገረመ ነበር፣ ማይክል አንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 ከአንድ እብነ በረድ ያወጣው ነው፣ ዋናው አካዴሚያ የሚባለው ሙዚየም ውስጥ ነው፣ አደባባይ ላይ ያለው ቅጂ ነው። ፖንቴ ቬኪዮ የሚባለውን የ1345 ድልድይ የያዙት ሁለት እህትማማቾች ሥጋ ቤቶቹ በ1593 ወጥተው ወርቅ ሠሪዎች እንደገቡበት፣ በ1944 ጀርመኖች ሲሸሹ የከተማዋን ሌሎች ድልድዮች አፍርሰው ይሄን ብቻ እንደተዉት ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። ለእኔ ግን ከዚ ሁሉ የምትበልጥብኝ አና ማሪያ ሉይዛ ናት። ፍሎረንስን ሲገዛ የኖረው የሜዲቺ ቤተሰብ መጨረሻ ነበረች፣ በ1737 ቤተሰቡ የሰበሰበው ሁሉ ከከተማዋ እንዳይወጣ ብላ ውል አሰረች፣ ኡፊዚ ዛሬ ሙሉ የሆነው በሷ ነው፣ ይሄን ለጎብኚዎች የተናገረችው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወረቀት ሳታይ ስለሆነ በጣም ኮርቼባታለሁ።

ለከርሞ ድምፅ ሰጥተን ቬኒስ አሸንፋለች። የአጼ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብሮች ይዘው የገቡባት ከተማ ናት፣ መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ ደግሞ የፍሎረንስ ሰው ነበር፣ ስለዚ የምንጀምረው ከሱ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት አይሲቲ ክፍል ኑ፣ መሳል መቻል ግዴታ አይደለም።