የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ውኃው ግን ሞቋል»

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ እርሱም ውቅያኖስ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለት ፊኛዎች አዘጋጀን። አንዱን በአየር፣ ሌላውን በውኃ ሞልተን በየተራ ከሻማ ነበልባል በላይ ያዝናቸው። አየር የያዘው ወዲያው ፈነዳ። ውኃ የያዘው ግን ከሥሩ ጥላሸት ከመልበስ በቀር ምንም አልሆነም፤ ሙቀቱን ውኃው ተቀብሎታል። የሰው ልጅ በለቀቃቸው ጋዞች ምክንያት ምድር ላይ ከታመቀው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የተቀበለው ውቅያኖስ መሆኑን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው «ባሕሩ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ያሉ ነበሩ። ፊኛውን የያዘችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋው «ውኃው ግን ሞቋል እኮ» አለች። የዓመቱ ሥራችን ከዚያች ቃል ተነሣ። በሞቀው ውኃ ውስጥ የሚኖሩትስ?

መጀመሪያ ወደ ኮራሎች ሄድን። ብዙዎቹ ተማሪዎች ድንጋይ ወይም ተክል ይመስሏቸው ነበር፤ እንስሳት ናቸው። በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል፤ ቀለማቸውም በአብዛኛው ከእነዚሁ አልጌዎች ነው። ውኃው በዓመቱ እጅግ ሞቃት ወር ከለመዱት 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት በረሃብ ይሞታል። ኮራሎች የሸፈኑት የውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን ኑሯቸው ከእነርሱ ጋር የተሳሰረ ነው።

ተማሪዎቹ ግሬት ባሪየር ሪፍ በተባለው ታላቅ የአውስትራሊያ የኮራል ክምችት ሰፊ መንጣት የደረሰባቸውን ዓመታት በረጅም ወረቀት ላይ አሰፈሩ፤ እ.ኤ.አ. 1998፣ 2002፣ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024። በግራ በኩል ሰፊ ክፍተት አለ፤ በቀኝ በኩል ነጥቦቹ ተጨናንቀዋል። ፈጥነው የሚያድጉት ኮራሎች እንኳ ለማገገም 10 ዓመት ገደማ ይፈልጋሉ። ወረቀቱን የሠሩት ልጆች ሲጨርሱ ዝም ብለው ቆመው ያዩት ነበር።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ አሲድ ተሻገርን። አሲድ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ብሮሞታይሞል ብሉ የተባለ ፈሳሽ ጠብ ባደረግንበት ውኃ ውስጥ ልጆቹ በመምጠጫ ሲተነፍሱበት ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ተቀየረ፤ ከትንፋሻቸው የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ይህን ያደረገው። ውቅያኖስም ይህንኑ ጋዝ ከአየር ይቀበላል፤ ከኢንዱስትሪ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ የላይኛው ውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። «0.1 ምን አላት?» ያለ ተማሪ ራሱ የሒሳብ ማሽን አውጥቶ 10ን በ0.1 ኃይል ከፍ ቢያደርግ 1.26 ሆነበት፤ ፒኤች የሚቆጠረው በ10 ኃይል ስለሆነ፣ ውኃውን አሲድ የሚያደርገው የሃይድሮጂን አዮን በሩብ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። የእንቁላል ቅርፊት በኮምጣጤ ሲሟሟም አይተናል። ባሕሩ ግን ኮምጣጤ እንዳልሆነ፣ አሁንም ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) እንደሆነ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፤ እውነቱ ሳይጋነንም ከባድ ነው። ጉዳቱ እንደ ኦይስተር ያሉ ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረታት ዛጎላቸውን የሚሠሩበት ካርቦኔት የተባለው ንጥረ ነገር እያነሰ መሄዱ ነው።

ለፕላስቲክ አንድ ስብሰባ ብቻ ሰጠን፤ ስለ እርሱ ልጆቹ ብዙ ያውቃሉ። ከእርሻ በወንዝ ተጠርጎ ስለሚገባው ማዳበሪያ ግን የበለጠ መነጋገር ነበረብን። አልጌውን ያበዛል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑ ያልቃል። ሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት አካባቢ ይህ በየዓመቱ ይደርሳል።

የማጠቃለያ ክርክራችን ስለ ማስገርና አደን ነበር። አንደኛው ቡድን የካናዳዋን ኒውፋውንድላንድ አነሣ፦ የማያልቅ ይመስል የነበረው የኮድ ዓሣ ከልክ በላይ ተጠምዶ ሲመናመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ማስገሩን አገደ፤ ከ30,000 በላይ ሰዎች ሥራ አጡ፤ ዓሣው ዛሬም ወደ ቀድሞ ብዛቱ አልተመለሰም። ሌላው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ ላይ የዋለውን የንግድ ዓሣ ነባሪ አደን እገዳ ጠቅሶ፣ ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች በብዙ ባሕሮች እንዳገገሙ አስረድቶ አሸነፈ። ያቺው የፊኛዋ ልጅ እጇን አውጥታ «እገዳው ኮራሉንስ ያድነዋል?» ስትል ጠየቀች። አሸናፊዎቹ ተማክረው የሰጡትን መልስ በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ፤ እገዳ መረብን እንጂ ሙቀትን አያስቀርም፣ ሙቀቱ የሚቆመው ጭሱ ከሚወጣበት ነው አሉ።

የዓመታቱ ወረቀት አሁንም በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ አለ። በቀኝ ጫፉ ቦታ ስላለቀ ልጆቹ ሌላ ወረቀት ቀጥለውበታል።