ለአባዬ፤ ከራውተሩ ካርቶን ጋር

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስንት ዓመት በስልክ ብቻ ስናወራ ኖረን ዛሬ ወደ ወረቀት የተመለስኩት፣ በስልክ ልነግርህ ስል ሁሌ የሚያመልጠኝ ነገር ስላለ ነው። ወይ መስመሩ ይቆረጣል፣ ወይ እኔ ወሬ እለውጣለሁ።

ዕቃውን የምታመጣልህ ጎረቤቴ ናት። ካርቶኑን አንተ ፊት እንድትከፍተው ነግሬያታለሁ። ቡፌ ላይ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው።

ውስጡ ያለው ራውተር ነው። ያለህን ሞደም ልተካ ብዬ አይደለም የላክሁት። ባለፈው ዓመት ፋይበር ያስገቡት ልጆች ሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ነጭ ሳጥን አለ አይደል? ሞደሙ እሱ ነው። በቀጭኗ ክር በብርሃን የሚመጣውን ተቀብሎ ለስልክህ በሚገባው መልክ ይለውጠዋል። ራውተር ደግሞ የመጣውን ለቤቱ የሚያዳርስ ነው። የሳሎኑ ሳጥን ሁለቱንም ይሠራል፤ ለሳሎን ይበቃል። አንተ ግን አሁን ሳሎን አትቀመጥም።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እሁድ ቀን እግርህን አሳየኝ ስልህ፣ ስልኩን ወደ ታች አዙረህ ብርድ ልብሱን ልትገልጥ ስትል ምስሉ ቀጥ አለ። ጣቶችህ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እንደያዙ ቀሩ። አውራ ጣትህ ላይ ያለችው የድሮ ጠባሳ ሳትቀር ትታየኛለች። ከጠርዙ በታች ያለው ግን የለም። ምስሉ ሲመለስ ብርድ ልብሱ ቦታው ነበር። «አየሽው አይደል? እየደረቀ ነው» አልከኝ። «እሺ አባዬ» አልኩህ። አላየሁትም። ስኳር ያለበት ሰው የእግር ቁስል ቀልድ እንዳልሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ሦስት ቀን ሙሉ ያ የቆመ ምስል ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ነው ራውተር ፍለጋ የገባሁት። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሌሊት ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብዬ ሳነብ ነበር። ለምን እንደዚህ እንደመረጥኩ ልንገርህ፤ አንተ ምክንያቱ ካልገባህ ዕቃ አታምንም።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ቤታችን ግድግዳው ድንጋይ ነው። ዋይፋይ ደግሞ ድንጋይ አይወድም። ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ርቆ ይሄዳል፣ ለግድግዳም ይሻላል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ የጎረቤቱም ሁሉ እዚያው ላይ ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ከአንድ ወፍራም ግድግዳ በኋላ ይደክማል። ካንተ አልጋ እስከ ሳሎን ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አለ። መኝታ ቤትህ የሚደርሰው ሽርፍራፊው ነው ማለት ነው።

ሰው ሁሉ ሪፒተር ግዢ አለኝ። ሪፒተር የደከመ ሞገድ ተቀብሎ ነው መልሶ የሚልከው። ብዙዎቹ በአንድ ሞገድ እየተቀበሉ በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል። ሜሽ የሚሉት፣ ሁለት ሦስት ሆኖ እርስ በርሱ የሚነጋገረው፣ ጥሩ ነው። እነሱም ቢሆኑ ግን መካከላቸው ድንጋይ ካለ ይቸገራሉ። ድንጋይን የሚያሸንፈው ሽቦ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ሥር 30 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ጠቅልዬአለሁ። እስከ 100 ሜትር ድረስ ምንም አይጎድልበትም። ወንድሜ ኮርኒስ ውስጥ ያሳልፈው፤ ግድግዳ መብሳት አያስፈልግም። ከመብራት ሽቦ ጋር ግን አንድ ላይ እንዳያስረው። አንዱ ጫፍ ሳሎን ሞደሙ ላይ፣ ሌላው ጫፍ መኝታ ቤትህ ራውተሩ ላይ፣ ለብቻዋ ያለችው ሰማያዊ ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። ራውተሩን እዚሁ አስተካክዬዋለሁ። አክሰስ ፖይንት በሚለው ላይ ነው ያለው፣ ከሳሎን የመጣለትን በዋይፋይ ማዳረስ ብቻ ነው ሥራው፤ ከሳሎኑ ጋር አይጣላም። ከኋላ በመርፌ የሚነካ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ እሱን ማንም እንዳይነካ። የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል።

ዋይፋይ 6 የሚለውን ነው የገዛሁልህ። 7 ወጥቷል፣ ዋጋውም ሰማይ ነው፣ ያንተ ስልክ ግን አያውቀውም። አዳፕተሩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። እዚህ 120 ነው፣ እኛ ጋ 220፤ አይቃጠልም። የሶኬት መለወጫም አድርጌበታለሁ።

የመብራቱን ነገር ረስቼው አይደለም። ትንንሽ ጥቁር ባትሪዎች አሉ፣ ሁለት ናቸው። ባትሪ ስለሆኑ ጎረቤቴ በእጅ ሻንጣዋ ነው የምትይዛቸው። አንዱ ለሞደሙ፣ አንዱ ለራውተሩ። ሁለቱም በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ መብራት ሲሄድ ለተወሰነ ሰዓት ያቆዩልሃል። ሞደሙን ትቶ ራውተሩ ላይ ብቻ ማድረግ ጥቅም የለውም። ፋይበሩ ራሱ መንገድ ላይ መብራት አይፈልግም፤ ከወዲያኛው ጫፍ እስከ ቤትህ በብርሃን ብቻ ነው የሚመጣው። ሰፈሩ ጨልሞ እያለ ላይህ እችላለሁ ማለት ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ቁመቷ እኔን ልትደርስ ምንም አልቀራት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች፤ «ጸ» እና «ፀ»ን ለምን ሁለት አደረጉት ብላ መምህሯን አስቸግራለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል፤ ጣራ ላይ እንድንወረውረው ፈልጎ ነበር፣ አንተ ስለነገርከው። አፓርታማ ነው፣ አምስተኛ ፎቅ ነን አልኩት። በፖስታ አድርጎ ላንተ ሊልከው አስቀምጦታል፤ ያንተ ጣራ ይሻላል ብሎ። አንተ ስክሪኑ ላይ ስትቆም «አያቴ ቆመ» ይላል። በዚያ እሁድም እንደዚያ አለ። ክፍል ለቅቄ ወጣሁ።

ልጆቹን እያልኩ ከነገሩ እየሸሸሁ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የላክሁልህን ሞደም ታስታውሳለህ? እዚህ አገር ብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በቴሌቪዥን ኬብል ነው። ሶኬቱ ክብ ነው፣ እንደ ብሎን እየዞረ ነው የሚገባው። የእኛ ቤት ያኔ በስልክ ሽቦ ነበር። ሳላጣራ ውዱን መርጬ ላክሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ ግን ምን አልከኝ? «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ መብራቱ ይበራል።» በዓመቱ ለጥምቀት ስመጣ ቡፌው ላይ አገኘሁት። ከምንም ጋር አልተያያዘም። ኤሌክትሪክ ላይ ብቻ ተሰክቶ መብራቱ ይበራል። ላዩ ላይ እማዬ የሠራችው ዳንቴል ተደርጎበታል፣ ያ ጠርዙ ላይ የወይን ዘለላ ያለው። እንዳላዝን ብለህ ነው። አውቃለሁ። አባዬ፣ አንተ መጥፎ ነገር ሲመጣ ዳንቴል ታለብሰዋለህ።

በዚያው ጉዞ ራስጌህ ያለው ሶኬት ላይ የእማዬ ስልክ ተሰክቶ አየሁ። አልጠየቅኩህም። አሁን ልናገረው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኔ ለእማዬ በየሦስት ቀኑ ድምፄን እቀዳላት ነበር። በዋትሳፕ። እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው። ሲከፈት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ትሰማዋለች ብዬ ነው። በመደበኛው ስልክ ስደውል ወንድሜ «ሰላሌ እህቷ ጋ ናት፣ እዚያ ኔትወርክ አይገባም» አለኝ። አንተ ደግሞ «ደህና ናት፣ አንቺ ብቻ ከኮሮናው ተጠንቀቂ» አልከኝ። አመንኩ። አገሩ ሁሉ ኔትወርክ የለውም፣ ምን ብዬ ልጠርጥር?

ወደ ሦስት ሳምንት ግድም ሆኖ ተከፈተ። ሥራ ቦታ ምሳ እየበላሁ ስልኬን ሳይ ሰባቱም መልእክቶች ሁለት ሁለት ምልክት አውጥተዋል። ደረሱ። ማታ ላይ ደግሞ የማይክሮፎን ምልክታቸው አንድ በአንድ ሰማያዊ ሆነ። እየተቀመጥኩ እየተነሳሁ ሳያቸው ነበር። አንዱ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያዳመጠኝ ነው። እማዬ ሰማችኝ ብዬ ተኛሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የተኛሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በሦስተኛው ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ማስክ ያደረጉ ስድስት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ተራርቀው ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ሳይ አወቅሁ። በኮሮናው ምክንያት ማንም አላቀፈኝም። አሥራ ስድስት ቀን ሆኗታል አሉኝ። ተቀብራለች፣ ሠልስት ወጥቷል፣ ድንኳኑ ተነቅሏል።

መርዶ እንዲህ እንደሚነገር አውቃለሁ። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ብላችሁ ነው። በረራ ባገኝም እንደማልደርስ አውቃለሁ። አንተን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ግን ያቺ ሁለት ቀን አልወጣችልኝም። ከቀብሩም ይልቅ የደስታዬ ሁለት ቀን ነው የሚያመኝ።

አንተ ነህ አይደል ያዳመጥከው? ሰባቱንም? አምስተኛው ላይ ስላንተ አምቼ ነበር፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ አይወስድም፣ ተቆጪው ብያት ነበር። ሰባተኛው ላይ ዘፍኜላታለሁ። ብቻህን ቁጭ ብለህ እሱን ስትሰማ ሳስበው መቆጣቱም ያቅተኛል። ስልኩ እንዳይዘጋ አምስት ዓመት ሙሉ ቻርጅ ማድረግህንም ሳስበው።

እንግዲህ የምለምንህ ይኼን ነው። እግርህን አሳየኝ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ እኔ እዚህ የማሳየው ሰው አለኝ። ጥቁረት ካለው፣ ሽታ ካለው፣ ስሜት ካጣ፣ ዛሬውኑ ንገረኝ። ለወንድሜም ንገርልኝ። ማለዳ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንዳይልክብኝ። ምንም ነገር ቢሆን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ራሱ ይደውልልኝ። ሥራ ላይ ብሆን፣ መኪና ብነዳም። መኪናዬን አቁሜ እሰማለሁ። ብቻዬን መስማት እችላለሁ። «ኔትወርክ የለም» ግን አትበሉኝ።

ስለ ክፍያው አታስብ፤ ወርሃዊውን ወንድሜ በቴሌብር ይከፍላል፣ ብሩን እኔ እልካለሁ። ሞደሙ ላይ ኤል ኦ ኤስ የምትለዋ መብራት ቀይ ከሆነች ክሩ ታጥፏል ወይም ተቆርጧል፤ እናንተ አትነካኩት፣ 994 ደውሉ። ራውተሩ አየር ይፈልጋል፣ ይሞቃል። ኮሞዲኖው ላይ እንዲሁ ይቀመጥ። ዳንቴሉን አታድርግበት አባዬ፣ እባክህ።

የዋይፋዩን ስም አልለወጥኩትም። ድሮ ወንድሜ ያወጣው ነው፣ ፓስወርዱም ያው። ፋይበር ሲገባም እሱኑ ነው ያስደረግነው። ስምና ፓስወርድ ካልተለወጠ ስልክ ራሱ አውቆ ይገባል፤ ማንም ምንም መንካት የለበትም። ያንተ ስልክ ይገባል። የወንድሜም ይገባል። ራስጌህ የተሰካውም ይገባል።

እሁድ እንደተለመደው ባንተ አቆጣጠር 10 ሰዓት ላይ ባንተው ስልክ እደውላለሁ። ብርድ ልብሱን ቀድመህ ግለጠው።

ልጅህ