የታሪክና ቅርስ ክበባችን ዘንድሮ፦ ከጎፈር እስከ ነጋሪት

መስከረም ላይ ከተመዘገቡት ልጆች ግማሾቹ የመጡት ታሪክ ወደው ሳይሆን ጎፈር ለመልበስ ነው። ምንም ያምጣቸው፣ ከመጡ ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ።

እናም ከጎፈር ጀመርን። ጎፈር የአንበሳ ጋማ ነው፤ ጀግንነቱ የተመሰከረለት ሰው ራሱ ላይ የሚያደርገው። በኋላ የክብር ዘበኛ መኮንኖችም ለበዓል ልብሳቸው ወርሰውታል። አንዷ የመንዝ ልጅ «የጓሳው ጭላዳ ዝንጀሮስ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ የጭላዳም ፀጉር ለዚሁ ይውል ነበር። እኛ ግን ከቃጫ ሠራነው። ከሩቅ አንበሳ፣ ከቅርብ መጥረጊያ።

ቀጥሎ የፈረስ ስም መጣ፤ ጀግና በፈረሱ ስም የሚጠራበት። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ ጦር «ቃኘው» የተባለው በዚሁ በራስ መኮንን ፈረስ ስም መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ንጉሡ ኃይለ ሥላሴ የአባታቸውን የራስ መኮንንን ፈረስ ስም ለወታደሮቻቸው ሰጡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ለራሱ የፈረስ ስም አወጣ፤ የኔን ደግሞ ከጀርባዬ አውጥተውልኛል፣ እዚህ አልጽፈውም።

እኔን የማረከኝ ግን ነጋሪቱ ነው፤ የአዋጁ ከበሮ። ድሮ ደጃዝማች የተሾመ ሰው ከማዕረጉ ጋር ነጋሪትና እምቢልታ (ረጅም የሚነፋ መሣሪያ) ይሰጠው ነበር። ነጋሪት ከተጎሰመ ወይ ዘመቻ አለ፣ ወይ አዋጅ። በ1934 ዓ.ም. መውጣት የጀመረው የሕግ ጋዜጣ፣ «ነጋሪት ጋዜጣ»፣ ስሙን ከየት እንዳገኘ ልጆቹ ሳልነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት፣ ደስ አለኝ።

አንድ ትንሽ ነጋሪት በእንጨትና በላም ቆዳ ሠራን። ጥር ላይ ጠዋት ልምምድ ስንወጣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ሣሩ ላይ ነው፤ ጎሳሚያችን ቢመታው ቢመታው ድምፁ እንደ እርጥብ ከረጢት። ቆዳው ረግቧል። ሁለት ቀን ስንታገል ቆይተን የአንድ ተማሪ አያት በአጥር በኩል ሲያልፉ አይተውን ቆሙና «ልጆቼ፣ ቆዳ እኮ ብርድ አይወድም፣ እሳት አሳዩት» አሉን። ከጥበቃው ከሰል ለምነን አፉን ወደ ፍሙ አዙረን ያዝነው። ቀስ እያለ ሲወጠር በጣት ሲነኩት ይታወቃል። ከዚያ አንዴ ቢመታው የዘጠነኛ ክፍሎች መስኮት ላይ ተንጠለጠሉ።

የካቲት 23 ለአድዋ በዓል ሰልፉን የመራው እሱ ነው። ሁለት ጎፈር መንገድ ላይ ፈታ፣ ነጋሪቱ ግን አላሳፈረንም።

አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፍ አድርገን ሰቅለነዋል፤ ግንቦት ላይ ጠርዙን አይጥ ቀምሳዋለች። ትርፍ የላም ቆዳ ያለው ወላጅ ካለ ክረምቱ ሳይገባ ቢልክልን።