ናቲ፣ አዲሱን ዓሣ ዛሬውኑ አውጣው

ናቲዬ እንዴት ነህ የኔ ጌታ፣ ቶኪዮ መብረድ ጀመረ አይደል? ኮቺ ገና አልበረደም። እናትህ ያው ጉልበቷን ነው እንጂ ደህና ናት። ትናንት በስልክ ልነግርህ ፈልጌ የተውኩት ነገር ስላለ ነው የምጽፍልህ፣ በስልክ ከሆነ እኔም እቆጣለሁ አንተም "እሺ አባዬ እሺ" ብለህ ትዘጋዋለህ።

ማሂ የላክላትን ቪዲዮ አይቻለሁ። እሷን እንዳትቆጣት፣ ስልኳን የቀማኋት እኔ ነኝ። አራት ቶሳኪን፣ የኮቺ ወርቃማ ዓሦቻችንን፣ ይዘህ ነው የሄድከው፣ ቪዲዮው ላይ አምስት ናቸው። ኦንላይን በጨረታ ገዝቶ በዚያው ቀን ቀላቀለው አለችኝ። ናቲ፣ አዲስ ዓሣ ከነባሩ ጋር አይቀላቀልም! በስድስት ዓመትህ ታውቀው የነበረውን በሃያ ዓመትህ እንዴት ትረሳዋለህ?

ዓሣው ያምራል፣ አልክድም፣ ጅራቱ ወደ ፊት ዞሮ የተጠቀለለበት ሁኔታ የዚያን ሽማግሌ፣ የኦጂሳንን ዓሦች ነው ያስታወሰኝ። ግን የታመመውንማ ማንም ያውቀዋል፣ የሚያስፈራው ጤነኛው ነው። ያ የወርቃማ ዓሣ ሄርፒስ ቫይረስ የሚሉት እዚሁ ጃፓን በፈረንጆቹ 1992 ነው መጀመሪያ የታየው፣ ከበሽታው የተረፈ ዓሣ ቫይረሱን ተሸክሞ እየበላ እየዋኘ ይኖራል፣ አብረውት ያሉት ናቸው የሚያልቁት። ደግሞ የሚነሳው ውሃው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፣ ማለት ልክ አሁን። ስንጥባቸውን እይ፣ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ከገረጣ ያኔውኑ ደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ያ ረጅም የመስታወት ገንዳ ደሞ ምንድነው? ቶሳኪን ከላይ ነው የሚታየው፣ ጅራቱም የሚያምረው ዝቅ ያለ ክብ ሳህን ውስጥ ቀስ እያለ ሲዞር ነው። እንኳን ወራጅ ውሃ የራሱ ጅራት የሚከብደው ፍጡር ነው፣ አንተ ፊልተር ከፍተህበት እንደ ቅጠል ሲያንገላታው አየሁ። ሳህኑን ሻንጣ ውስጥ አይገባም ብለህ ትተኸው ሄድክ፣ በረንዳው ላይ ነው ያለው፣ እናትህ ጎመን ልትዘራበት ነው።

ባሕር ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ዓሣ ሲባል ለኔ ጥብሱ ነበር የሚታየኝ። ኦጂሳን ያንን ስምንት ጫጩት በባልዲ ይዞ በራችን ላይ ሲቆም ለእራት ያመጣልን መስሎኝ አመሰገንኩት፣ እናትህ እስከዛሬ ትስቅብኛለች። ከዚያ በየማታው እየመጣ አንዲቷን ታሪክ ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። በ1945 ሐምሌ ኮቺ በቦምብ ተቃጠለች፣ በ1946 ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የምድር መንቀጥቀጡና ሱናሚው መጣ፣ ቶሳኪን አለቀ ተባለ። ታሙራ ሂሮኤ የሚባል ሰው ሲፈልግ ሲፈልግ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ስድስት አገኘ፣ የስኳር ድንች አረቄ ሰጥቶ ወሰዳቸው፣ ዛሬ ያለው ሁሉ የነዚያ የስድስቱ ዘር ነው ይባላል። በ1969 ግዛቱ የተፈጥሮ ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ኦጂሳን "በአረቄ የተረፈ ዘር" ይልና ብርጭቆውን ያነሳል፣ ታሪኩ ሁሌም እዚያ ጋ ነው የሚያልቀው።

እኔ ምን አደረግኩ? ከከተማ በ3 ሺህ የን አንድ ቆንጆ ገዝቼ ዘጠነኛ አድርጌ ጨመርኩ። ጥቅምት ነበር። በአስር ቀን ውስጥ ስምንቱም ሞቱ፣ የገዛሁት ግን ምንም አልሆነ። አንተም ታውቃለህ፣ ካኪው ዛፍ ሥር አብረን ነው የቀበርናቸው። ያኔ ምን እንዳልኩህም ታውቃለህ። "ለኦጂሳን እንዳትነግር።"

ሲጠይቀኝ ሽመላ በላቸው አልኩት። ሽማግሌው በማግስቱ መረብ ገዝቶ መጥቶ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ባዶውን ሳህን ሲሸፍንልኝ ዋለ፣ ለካ ጥፋቱ የኔ ነው መረብ ዘርጋ ብዬ አልነገርኩህም እያለ። ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው! ከዚያ ከራሱ ስድስት መርጦ ሰጠኝ፣ ታሙራም በስድስት ነው የጀመረው አለኝ። እኔም ተቀበልኩ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ለአዲስ ዓመት እነግረዋለሁ ስል ሁለት ዓመት አለፈና ሞተ። አንተ ይዘሃቸው የሄድካቸው አራቱ የነዚያ ልጆች ናቸው።

ትናንት "ሁሉም ደህና ናቸው አባዬ" ስትለኝ ሽመላው ትዝ አለኝ። ማን እንዳስተማረህ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው በስልክ ያልተቆጣሁህ።

በል አሁን ስማኝ። አዲሱን ዓሣ አውጣው። አንዴ ተቀላቅሏል ምን ዋጋ አለው ትለኝ ይሆናል፣ ይሁን፣ አውጣው። ለብቻው ባልዲ፣ ለብቻው መረብ፣ ሦስት ሳምንት። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳትሄድ። ፊልተሩን ቀንስ፣ ለሦስት ቀን ምግብ አትስጣቸው፣ ዓሣ በረሃብ ቶሎ አይሞትም። የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሳይውል እንዳትጨምር፣ ስትቀይርም ሁሉንም አትድፋው፣ አሮጌውን ውሃ ግማሹን ተው። ጨው በአንድ ሊትር 5 ግራም፣ መዝነህ፣ በዓይንህ እንዳትገምት። ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ምግብ የለም፣ ቶኪዮ እንደኛ አይደለችም።

እናትህ ሽሮና በርበሬ ልካለች፣ ሐሙስ ይደርስሃል። ቴርሞሜትሩ ካልሲው ውስጥ ነው፣ በርበሬው ተደፍቶ ከሆነ ታጥበህ ነው ውሃ ውስጥ የምትከተው። ፈተናህ መቼ እንደሆነም ንገራት፣ ለኔ ባትነግረኝም።

ዛሬ ማታ መብራት አብርተህ ቁጠራቸውና ቁጥሩን ብቻ ጻፍልኝ። ሦስትም ከሆኑ ሦስት በል።

አባትህ