ከስብራቱ በኋላ ስለመጣው መፀው፦ ከእኔና ከባለቤቴ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ውድ ልጆቻችን፣ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችንና የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻችን፤

በባለቤቴ ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ስለምታውቁት፣ አብዛኞቻችሁም በዐይናችሁ ስላያችሁት፣ ደግሜ አልተርከውም። በገዛ ደጃችን ደረጃ ላይ ወደቀች፤ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ፤ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ፤ ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከዚያ በኋላ የመጣው የመፀው ወራት ነው። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ ልጆችና የልጅ ልጆች እንዲህ የተመላለሱበት፣ በየማለዳው ከቤት ወጥተን ቅጠሉ ሲለወጥና ሲረግፍ በየዕለቱ ያየንበት ወቅት አሳልፈን አናውቅም። ያን ወቅት ያገኘነው በእናንተ ነውና እግዚአብሔር ይስጥልን።

በወጉ ከሐኪሞቹ መጀመር ይገባኝ ነበር። ይሁን እንጂ ወረቀቱን በያዝኩ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደ አንዲት ጎረቤታችን ነው። «ስሜን ከጻፍክ ሁለተኛ ደጃፍህን አልረግጥም» ብለው ስላስጠነቀቁኝ ስማቸውን አልጠራም፤ የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ባለቤቴ ከሆስፒታል ከተመለሰች ሳምንታት አልፈው፣ የመጀመሪያው የጠያቂ ጎርፍ ጋብ ብሎ ቤቱ ጭር ባለበት ጊዜ፣ አንድ ማለዳ በራችንን አንኳኩ። ገብተው እንኳ ሳይቀመጡ፣ «ለጉልበቴ ስል በየጠዋቱ እንድራመድ ታዝዣለሁ፤ ብቻዬን ግን ስንፍና ይይዘኛል፤ እባክሽ አብረሽኝ ውጪ» አሏት። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ከውጪው በር አልፋ መሄድን እጅግ ትፈራ ነበር። እኔ ለምኜአት እንቢ ብላለች፤ ልጃችን ተቆጥታት እንቢ ብላለች። ከወደቀችበት ቀን አንሥቶ የሚያያት ሰው ሁሉ «ልርዳሽ» ሲላት ሰንብቶ፣ እርዳታ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እኒህ ጎረቤታችን ስለነበሩ ይመስለኛል፣ በማግሥቱ ከእኔ ቀድማ ለብሳ ጠበቀቻቸው።

የመጀመሪያው ጉዞ ከደጃችን ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል አይርቅም ነበር። ጎረቤታችን ታጣፊ መቀመጫ በክንዳቸው አንጠልጥለው ይወጣሉ፤ «ለእኔ ነው» ይላሉ፤ ሲቀመጡበት ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። ባለቤቴ ትንፋሽ ሲያጥራት ቀድመው ይቆሙና «ቆዩኝማ፣ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ» ብለው ያጎነብሳሉ። ይህ በአንድ ጠዋት አራት አምስት ጊዜ ይሆናል። እኔ ከኋላ ከኋላ የምከተል ነበርኩና ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጫማቸውን ልብ ብዬ ባየው ማሰሪያ የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። ለባለቤቴ ሳልነግራት ቆየሁ። በመጨረሻ ምስጢሩን ሳወጣላት፣ ለካስ እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፤ «ታዲያ ምን ልበላቸው? እኔም እኮ ማረፍ እፈልግ ነበር» አለችኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ያዘዛቸውን ነገሮች ሁሉ ከእኔ ይልቅ የያዙልን እርሳቸው ናቸው። ከዘራ የሚያዘው በተጎዳው እግር ወገን ሳይሆን በተቃራኒው እጅ መሆኑን እኔ በዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደሚመስለው ለታመመው ጎን ድጋፍ የሚሰጠው በዚያው ጎን ያለው እጅ ይመስለኝ ነበር። በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ግን ከዘራውና የተጎዳው እግር አብረው መሬት ስለሚነኩ ክብደቱን ይካፈሉታል። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ የተጎዳው ይቀድማል። ይህን ጎረቤታችን እንደ ልጆች የቁጥር ትምህርት ድምፅ አውጥተው ያስደግሟት ነበር። ያን የእኛን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እኔ ድጋፍ የወረደችበትን ጠዋት...

እዚህ ላይ አቋርጬ ተነሥቼ ነበር። ባለቤቴ «ይህን ክፍል ተወው» ብላኛለችና እተወዋለሁ፤ ጎረቤታችን ግን በዚያ ጠዋት ከታች ቆመው ምን እንዳሉና እኔ ከላይ ቆሜ ምን እንደሆንኩ ያውቃሉ።

እኔ በሥራ ዘመኔ የመዝገብ ሰው ስለነበርኩ ጉዞአችንን በየቀኑ በደቂቃ እመዘግብ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ በሳምንት 3 ቀን ሚዛንን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲያደርጉ እንደሚመከር ባለሙያው ነግሮን ነበር። በመዝገቤ የመጀመሪያው ሳምንት ድምር 31 ደቂቃ ነው። ዛፎቹ ባዶ በሆኑበት የመጨረሻው ሳምንት 155 ደርሰናል። ትልቁ የልጅ ልጃችን ግን በደቂቃ አልረካም፤ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አምጥቶ በአያቱ እጅ ላይ አሰረና በቀን 10,000 ካልሞላ ዋጋ የለውም አለን። ባለቤቴ 1,900 ላይ ሆና ለሦስት ቀናት ስትተክዝ ከረመች። በኋላ አባቱ፣ ይህ ቁጥር የታወቀው በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም እንጂ ከሐኪም ትእዛዝ እንዳልሆነ አስረድቶ ገላገለን። ልጁ ስለ አመጣው ሰዓት ከልብ እናመሰግነዋለን፤ አሁንም ሰዓቱን ለማየት እንጠቀምበታለን።

ልጆችን በደብዳቤ ማመስገን ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ይህ ወቅት ከዕፍረቱ ይበልጣል። ወንድ ልጃችን በየሁለት ሳምንቱ ረጅም መንገድ እየተጓዘ መጥቷል። የሚያዳልጡትን ትንንሽ ምንጣፎች ጠቅልሎ አነሣ፤ ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ድረስ ለሌሊት መብራት አበጀ፤ ደረጃው ላይ በሁለቱም ወገን መደገፊያ አቆመ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን ተራ ገብተው አድረውልናል። ከሁሉም በላይ ግን ሦስቱም በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተሸነፉልን አመሰግናቸዋለሁ። ቤታችንን ዘግተን ከእነርሱ ጋር እንድንኖር ወስነው፣ ክፍል እንኳ አዘጋጅተው ነበር የመጡት። እናታቸው ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ካዳመጠቻቸው በኋላ፣ «መጀመሪያ እስከ መናፈሻው ደርሼ ልመለስ፤ ካቃተኝ እመጣለሁ» አለች። እስክትደርስ ድረስ ታገሡ። መታገሡ ለእነርሱ ከመምጣቱ ይልቅ የከበደ እንደነበር አባት ስለሆንኩ አይጠፋኝም።

በደረሰችበትም ቀን ትንሿ የልጅ ልጃችን አብራን ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስለ ቅጠል የተማረችውን ለአያቷ ለማስተማር ቸኩላ በየዛፉ ሥር ስለምታስቆመን፣ የዚያን ቀን ጎረቤታችን ጫማቸውን ማሰር አላስፈለጋቸውም። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም መሥራት እንደሚያቆም፣ ቢጫው ግን አዲስ የመጣ ሳይሆን ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ የቆየ መሆኑን፣ ቀዩ ደግሞ በብዙ ዛፎች ላይ በዚያው በመፀው የሚሠራ አዲስ ቀለም እንደሆነ ነገረችን። ሰባ ዓመት ያህል ቅጠል ስረግጥ ኖሬ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ቢጫና አንድ ቀይ ቅጠል አንሥታ፣ ቢጫውን ለራሷ ያዘችና ቀዩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ «አንተ እኮ ምግብ መሥራት የተማርከው ዘንድሮ ነው» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሁለቱም ቅጠሎች በመዝገቤ ውስጥ፣ በዚያ ቀን ገጽ ላይ አሉ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሐኪሞች፣ በማግሥቱ «ተነሥተሽ ቁሚ» ብለው ያስደነገጡንና ያስቆሟት ነርሶች፣ በትዕግሥት ያለማመዳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሁላችሁም ምስጋናችን ይድረሳችሁ። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ በአካል የመጣችሁም ሆነ በስልክ የጠየቃችሁ፣ እንዲሁ እናመሰግናለን። ወንድሜ ስለ ላከልን መጻሕፍትና በየማታው ስልክ ደውሎ ስለሚያነብላት ጋዜጣ የተለየ ምስጋና ይገባዋል፤ ዜናውን እንደ ልቡ እየጨመረ እንደሚያነብ ብናውቅም እንዲያቆም አንፈልግም።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያልጠቀስኩ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማን መጣ ማን ሄደ ለማለት አእምሮዬ በቦታው አልነበረም፤ መዝገብ መያዝ የጀመርኩትም ዘግይቼ ነው። በሩን ከፍቼላችሁ ማን እንደሆናችሁ ሳልለይ የመለስኳችሁ ካላችሁ፣ የደወላችሁልኝና መልሼ ያልደወልኩላችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለቤቴ እኔ የረሳሁትን እያስታወሰች በጠርዙ ላይ ስትጽፍብኝ ቆይታለች፤ ከዚህ በላይ ቦታ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ከሆስፒታል በተመለስን ማግሥት ጠዋት፣ ባለ አራት እግር መራመጃ በደጃችን ቆሞ አገኘን፤ ወረቀት የለበትም፣ ስም የለበትም። ጎረቤቶችንና ልጆችን ሁሉ ጠይቀን «እኔ ነኝ» ያለ አልተገኘም። ባለቤቴ ወደ ከዘራ እስክትሸጋገር ድረስ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ያደረሳት እርሱ ነው። እግሮቹ ሥር ያሉት ጎማዎች አልቀው ስለነበር በአዲስ ተክተናቸዋል፤ እጀታውንም አጽድተነዋል። አሁን ከውጪው በር ውስጥ፣ በስተግራ በኩል ተደግፎ ቆሟል፤ በሩ ቀን ቀን አይቆለፍም። ባለቤቱ ሳይናገር እንዳመጣው ሳይናገር ሊወስደው ከፈለገ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ቢመጣ ማንም አያየውም፤ በዚያ ሰዓት ሦስታችንም መንገድ ላይ ነን።

አክባሪዎቻችሁ፣
እኔና ባለቤቴ